የቁም ተዝካሩ እንጨት

ነጩ ፒክአፕ መሐል ሜዳ ከተማ የገባ ቀን እኔ ጎሚስታው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሰማያዊዋን ፒክአፔን የኋላ ጎማ አስለጥፍ ነበር። የገበያ ቀን ስለነበረ መንገዱ በሰውና በበግ ተሞልቷል። ነጩ ክላክስ ሳያስጮህ፣ ሰው ሳያጣድፍ ቀስ ብሎ አለፈ። ሁለቱም በሮቹ በወጉ ይዘጋሉ። ይህን ወዲያው ልብ ያልኩት የኔዋ የሾፌር በር በሽቦ ስለሚታሰር ነው። ጎሚስታው መዶሻውን አስቀምጦ በዓይኑ ከሸኘው በኋላ «መኪና ማለት እንግዲህ ይህ ነው» አለና ወደኔ ጎማ ተመለሰ። ያንን ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ወድጄው አላውቅም። ጎማዬን ግን ከዚያም በኋላ የሚለጥፍልኝ እሱ ነበር፤ ሌላ ጎሚስታ ከየት ይምጣ።

ደርግ ወድቆ ዐሥር ዓመት ያህል አልፎታል። መንገዱ ጠጠር ለብሷል፣ ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ በየቀኑ መምጣት ጀምሯል፣ ከተማዋም ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ እየተቀየረች ነበር። እስከዚያን ቀን ድረስ በእኛ በኩል እንጨት የሚያመላልስ መኪና ቢባል የኔዋ ሰማያዊ ብቻ ነበረች። መንዝ ውስጥ እንጨት ቀላል ነገር አይደለም። ደጋው ላይ ውርጩ ባሕር ዛፉን ያቀጭጨዋል፤ ከጓሳ ጥብቅ ስፍራ ጭራሮ መስበር በአገሩ ደንብ ክልክል ነው፤ ሰው በየቤቱ የሚያነደው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ለቤት እንጂ ለድግስ አይበቃም። ጠላ ጠማቂዎቹ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ሠርግና ተዝካር ያለበት ሁሉ እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨቱ ያለው ግን ከታች፣ ብርዱ ረገብ በሚልበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ከዚያ አውጥቶ ደጋው ላይ የሚያደርሰው እኔ ነበርኩ። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ በር በሩን ይከፍቱልኛል። እኔም አገሩ በኔ ትከሻ የሚሞቅ ይመስለኝ ነበር።

የነጩ ሾፌር ከግሼ በኩል የመጣ፣ ከኔ በሦስት በአራት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። መኪናው የሱ አይደለም፤ የአንድ ነጋዴ ነው። እናት አባቱን ገና በሕፃንነቱ አጥቶ አክስቱ ዘንድ እንዳደገ ሰምቻለሁ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ ጠርቼው ግን አላውቅም። ስሙን መጥራት ማክበር መስሎ ስለታየኝ ሁልጊዜ «ባለነጩ» ነበር የምለው።

የቀናሁት በመኪናው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ ቀስ በቀስ ይለቀኝ ነበር። የባሰው አጫጫኑ ነው። እኔ እንጨት ስጭን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከፍታ። ግንዱን ከሥር፣ ፍልጡን በላዩ፣ ጭራሮውን ከሁሉም በላይ እየቆለልኩ ከጋቢናው ጣራ በላይ አንድ ሰው ቁመት አወጣው ነበር። ከተማ ስገባ ሰው ቆሞ ያየኛል፤ ያ ነበር ደመወዜ። ባለነጩ ከጋቢናው ጣራ አሳልፎ አይጭንም። ግንዱን ከጋቢናው ጀርባ አስጠግቶ ያጋድማል፤ ክፍተቱን በፍልጥ ይሞላል፤ ገመዱን ስቦ ካሰረ በኋላ መኪናውን እየዞረ ያያል። ትንሽ ነድቶ ይቆማል፤ ወርዶ ገመዱን እንደገና ያጠብቃል። ይህን ሁሉ እንዴት አወቅኩት ቢባል፣ ጉብታ ላይ ቆሜ ስንት ጠዋት አይቼዋለሁና ነው። እንደዚያ ጊዜ ሰው ሲሠራ በጥንቃቄ ተመልክቼ አላውቅም፤ አንዱንም ግን አልተማርኩበትም።

ብዙ ሳይቆይ ጠላ ጠማቂዎቹ የባለነጩ እንጨት መንገድ ላይ አይንጠባጠብም ማለት ጀመሩ። እውነታቸውን ነው። ከኔ ጭነት ኋላ የየመንደሩ ሰው የወደቀውን ፍልጥ እየለቀመ ይከተለኝ ነበር፤ እኔ ይህን እንደ ለጋስነቴ ቆጥሬ እኮራበት ነበር። ደግሞም ሰውዬው ጥፋት የለበትም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ ወደ ኋላ የሚመለሰው እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ «አንተ ተመለስ» ቢለኝ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።

አባቴ የሚኖሩት ቀየት የምትባል መንደር አጠገብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ዘምቶ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልመጣም፤ የመጣው ወረቀት ነው። ለአባቴ የቀረሁት እንግዲህ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ እሑድ፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ልጠይቃቸው ብሄድ ከፋሲካ በኋላ የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ እንዳሰቡ ነገሩኝ።

የቁም ተዝካር ሰው በሕይወቱ እያለ ለነፍሱ የሚያወጣው ተዝካር ነው። አንዳንዱ ቄስ ይነቅፈዋል፤ ነቅፎ ግን ከድግሱ የቀረ ቄስ አላየሁም። የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በእኛ አገር ሁሉም ያውቃል። ወይ ልጅ የሌለው ነው፣ ወይ ልጁን የማያምን ነው። አባቴ ደግሞ ልጅ አላቸው። ሰው በየበሩ የሚለው ገና ሳይባል ተሰማኝ። ጆሮዬ ጋለ። ተዝካርዎን የማላወጣ ልጅ መሰልኩዎት ወይ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዘራቸውን ለማግኘት መሬቱን ሲዳብሱ አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

ቢያንስ እንጨቱ የኔ ነው ብዬ ተጽናናሁ። አባቴ ወንድሜ በዘመተበት ዓመት ከታች ሸለቆው ውስጥ የተከሉት ባሕር ዛፍ ነበራቸው። ለድግሱ ብለው በደቦ አስቆርጠው፣ እንዲደርቅ አስከምረውታል። የድግስ እንጨት ማምጣት የልጅ ሥራ ነው፤ ጎረቤት የሚለምነው ልጅ የሌለው ነው። እኔ ደግሞ ልጅ ብቻ አይደለሁም፤ ልጅ ከነፒክአፑ ነኝ። መቼ ልሂድ ብዬ ጠየቅኳቸው። አባቴ በከዘራቸው ጫፍ መሬቱን እየጫሩ፣ እንጨቱን ለዚያ ለነጩ መኪና ልጅ እንደነገሩት፣ እሱም በሦስት ምልልስ አደርሳለሁ እንዳላቸው አስረዱኝ። ለምን ስላቸው ተስማምተናል አሉና ልጆቼ ትምህርታቸውን እንዴት እንደያዙ ጠየቁኝ።

ያንን ሳምንት እንዴት እንደኖርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እህል አፌ ውስጥ አመድ ሆነብኝ። ሚስቴ ጎማው ካረፈልህ፣ ነዳጁም ከተረፈልህ ምን አስከፋህ አለችኝ። ሴት ልጅ ይህን አይገባትም አልኳት፤ እሷ ግን ከኔ የበለጠ ገብቷት ነበር። ሰው ሁሉ እኔን እያየ የሚሳሳቅ ይመስለኝ ጀመር። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ምርቃቱ ነው። አባቴ ምርቃት የሚሰስቱ ሰው አልነበሩም፤ ደጃቸው ላይ ሸክም ያራገፈውን ሁሉ ቆመው ይመርቃሉ። ባለነጩ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ የኔን ምርቃት ሲቀበል ይታየኝ ነበር። የኔን ማለቴ ነው፤ ሌላ ሰው የሚወስደው ከኔ ድርሻ ላይ ተቀንሶ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጭነት የገባ ቀን ለሌላ ጉዳይ የመጣሁ መስዬ በአባቴ ደጅ አለፍኩ። መዝጊያው ገርበብ ብሏል። ባለነጩ እኔ ሁልጊዜ የምቀመጥበት መደብ ላይ ተቀምጦ የገብስ ቆሎ ይቆረጥማል። አባቴ አንድ ነገር እያወሩት ይስቃሉ። ጥርሳቸው እስኪታይ ነው የሚስቁት። ከኔ ጋር እንደዚያ የሳቁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ግን አንድም አልመጣልኝ አለ። ገብቼ ሰላም ማለት ሲገባኝ አልፌ ሄድኩ።

ሁለተኛውም ጭነት ገባ። ሦስተኛው ብቻ ሲቀር እኔ ወሰንኩ። ቢያንስ የመጨረሻዋን እኔ አመጣለሁ፤ አባቴም በዓይናቸው ያያሉ፤ ከሱ እጥፍ አድርጌ እንደምጭን አገሩ ሁሉ ያያል። ባለነጩ ከቁርስ በኋላ እንደሚወርድ አውቃለሁ። እኔ ገና ጎሕ ሲቀድ ሰማያዊዋን ማሞቅ ጀመርኩ። ሚስቴ ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ቆማ «ማን ጠራህ?» አለችኝ። ማርሽ አስገባሁ።

እንጨቱን የሚጠብቁት እዚያው ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው። የቀረውን ደረቅ እንጨት ልጭን ስል ሽማግሌው ከፊቴ ቆሙ። ደረቁ ለነጩ መኪና ነው የተባልኩት፣ የአባትህን ቃል አላፈርስም አሉ። ወዲያ ማዶ ሌላ ክምር አለ። ለዳስ የሚሆን ምሰሶ ሲቆረጥ የተረፈ ነው፤ ከተቆረጠ ሳምንት አልሞላውም፤ ቅርፊቱ ላይ ውኃው ገና ይታያል። ያንን ለመውሰድ ማንም አልከለከለኝም፤ የሚወስደው ጅል ይገኛል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

ለድግስ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንደማይጫን መንዝ ውስጥ የማያውቅ የለም። የደረቁን እጥፍ ይከብዳል፣ አይነድም፣ ይጨሳል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ እንጨት ነው። ግን ከደጋው እስከዚያ ወርጄ ባዶዬን ስመለስ፣ ባለነጩ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ታየኝ። ሽማግሌው እርጥብ ነው፣ ተው ቢሉኝ እኔን እንጨት የሚያስተምረኝ የለም አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው እንደዚያ መናገሬ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሁለት ሰዎች ቀጥሬ ጫንኩ። የመኪናዋን ጀርባ የሚሸከመው ባሌስትራ ተጋደመ፤ እነሱ ይበቃል ሲሉ እኔ ጨምሩ አልኩ። ከጋቢናው በላይ አንድ ሰው ቁመት ሲሆን ወረድ ብዬ አየሁትና ደስ አለኝ። በሕይወቴ ከጫንኩት ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነበር።

ከሸለቆው የሚወጣው መንገድ ኩርባው ብዙ ነው። ሁለቱን ኩርባ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣቻቸው። ሦስተኛው ላይ መሪው ቀለለኝ። ሾፌር የሚደነግጠው መሪ ሲከብደው ሳይሆን ሲቀለው ነው፤ የኋላው ጭነት ከብዶ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በወጉ አልረገጡም ማለት ነው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀ። ሰማያዊዋ ከነጭነቷ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። በኔ በኩል ገደሉ ነው። ዘልዬ ልውረድ ብል እንኳ የሾፌሩ በር በሽቦ ታስሯል። መሪውን ወደ ዳገቱ ግድግዳ አዞርኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። የጭነት ሣጥኑ የኋላ ግድግዳ፣ ስፖንዳው፣ ከአፈሩ ጋር ተጋጨ፤ እንጨቱ አንዴ ተንኮሻኮሸ፤ ቆመች። ከገደሉ አፋፍና ከፊት ጎማዬ መካከል የነበረው ስፋት አንድ ክንድ ነበር።

በሌላው በር ተሳቤ ወጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ከመንዝ ሰው ሁሉ መጥቶ እንዲያየኝ የማልፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ የመጣውም እሱ ነው። ባለነጩ ባዶውን ለመጨረሻው ጭነት እየወረደ ነበር። ከሩቅ ቆሞ ከመኪናው ሁለት ታኮ ይዞ ወረደና ከኋላ ጎማዎቼ ሥር አስገባ። ጭነቱን ቀና ብሎ አየ። አንድ ፍልጥ መዞ ክብደቱን በእጁ ለካ። ከዚያ እኔን አየኝ። እርጥብ መሆኑን አውቋል፤ ለምን እንደመጣሁም ያወቀ ይመስለኛል። አንዲት የፌዝ ቃል ይወረውራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «እንጨት ነው፤ ይቆየናል» ብቻ አለና ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ግማሹን አውርደን መንገዱ ዳር ከመርነው። የቀረውን በራሱ አጫጫን አስተካክሎ አሰረው። እኔ ኩርባውን ወጥቼ እስክሰወር እዚያው ቆሞ ያየኝ ነበር፤ በመስታወቱ አየሁት። አመሰግናለሁ አላልኩትም። ነፍሴን ያተረፈልኝን ሰው ያን ያህል የጠላሁበት ሌላ ቀን የለም።

አባቴ ደጅ ስደርስ በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ። የሰማያዊዋን የተጣመመ ስፖንዳ አዩ፤ ልብሴ ላይ ያለውን አፈር አዩ። አንዱን ግንድ በጥፍራቸው ጫር አድርገው ጣታቸውን አሸተቱ።  እኔ ምርቃት እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ ቤት ተመለሱ። እስከ አመሻሽ ባለነጩ ደረቁንም፣ እኔ መንገድ ዳር የተውኩትንም እርጥብ በሁለት ምልልስ አመጣ። ሁሉም በአንድ ክምር ተራገፈ። የማን የትኛው እንደሆነ ስለማይለይ ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ተዝካሩ ቀን ድረስ ነው የቆየው። የዚያን ዕለት ዳሱ ሞልቷል፤ ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ተቀምጠዋል፤ ወጥ በትልልቁ ብረት ድስት ይሠራል። ከክምሩ የሚመዘዘው አንዱ ደረቅ ሌላው እርጥብ ሆነና ምድጃው ሁሉ እየፏጨ ይጨስ ጀመር። ጭሱ ከማድ ቤቱ ወጥቶ ወደ ዳሱ ገባ። ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ያማስላሉ። ካህናቱን ሳል ያጣድፋቸዋል። ከወጥ ሠሪዎቹ አንዷ፣ በመንደሩ በቀልዷ የታወቀች ባልቴት፣ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣችና ያለ እንባ ተዝካር እንዳይሆንባቸው ልጃቸው አስቦበት ነው አለች። ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ሚስቴ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ጥላሸት ነክቶት በማድ ቤቱ በር ብቅ አለችና አየችኝ፤ አልሳቀችም። አባቴ ከካህናቱ መካከል ሆነው እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ «እንግዲህ ሳልሞት ተለቀሰልኝ» አሉ። ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ካህናቱ ተነሥተው ሰዉም ሲሳሳ፣ አባቴ ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ እኔ ልጅዎ እያለሁ ለምን እሱን?» አልኳቸው።

 ባለነጩ ከዳሱ ወዲያ ባዶ ጋን ተሸክሞ ወደ ጎረቤት ሲመልስ በዓይናቸው ይከተሉት ነበር። ማንም ሳያዘው ከጠዋት ጀምሮ ሲያሳልፍ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ወንበር ሲያመላልስ ነው የዋለው።

«መኪናው ነጭ ስለሆነ መሰለህ?» አሉኝ። «እኔ የመኪና ምኑን አውቄ። ያንን ዳገት ግን አውቀዋለሁ። አንተም ስትጭን አይቼሃለሁ። የአባቴ ድግስ ነው ብለህ ዛፉን ከነሥሩ ልትጭን እንደምትነሣ አላጣሁትም፤ እሱንም አደረግኸው። ተዝካሩንስ በቁሜ ያወጣሁት አንተን ሳላምን ቀርቼ ነው? ከቀብሬ ማግስት በኀዘንህ ላይ በዚያ ዳገት ስትመላለስ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። አንዱን ልጄን አፈር ሳላለብሰው ቀርቻለሁ። ተዝካሬን በቁሜ አወጣሁ፤ በቁሜ ግን ልቀበር አልችልም፤ ለሱ ያለኸኝ አንተ ነህ።»

 ባለነጩ ጋኑን አድርሶ እየተመለሰ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መንገዱ ሰው የሚወስድ ከሆነ የሌላውን ልጅ ይውሰድ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉ።

የተሰማኝን እንዳለ ልናገር። ማዘን ነበረብኝ፤ መጀመሪያ የመጣው ግን ደስታ ነው። በሳምንታት ውስጥ ያልቀመስኩት ደስታ። እኔ ነኝ የተሳሳልኝ፤ እሱ ነው ለዳገቱ የተሰጠው። ያ የቀናሁበት መደብ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ምርቃት ሁሉ ለምን እንደነበረ ገባኝ። ባለነጩ አጠገባችን ደርሶ አባቴን የሚጠጣ ነገር ላምጣልዎ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ጎንበስ ብሎ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሲያስተካክልላቸው አየሁት። አባቴ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ደስታዬ ያን ጊዜ ተበላሸ። ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር እሱ ብቻ አያውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከቀየት በታች ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ተገናኘን። እኔ ጭኛለሁ፤ ከጋቢናው ጣራ አላስበለጥኩም። እሱ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ተመልሶ መንገድ ለቀቀልኝ። ሳልፍ ግን በእጁ አስቆመኝና ወርዶ መስኮቴ ሥር መጣ። ስለ አባቴ ጤና ጠየቀኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ይህን ለማንም ተናግሮት እንደማያውቅ ነገረኝ። አባቱ ሲሞቱ እሱ ፍልጥ ማንሣት የማይችል ሕፃን ነበር፤ ለተዝካራቸው እንጨቱን ያመጣው ጎረቤት ነው። የድግስ እንጨት የልጅ ሥራ መሆኑን ሲያድግ ነው የሰማው።

«አባትህ አንተን የመሰለ ልጅ እያላቸው እኔን ጠሩኝ» አለኝ። «ለምን እንደመረጡኝ ነግረውህ ያውቃሉ?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የቀናሁበትን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ከእጁ ይነጥቀው ነበር። ፊቱን አየሁት። እንደዚያ የበራ ፊት በራሴ ላይ ኖሮ እንደሆነ አላውቅም፤ በውሸት የበራ መሆኑን እያወቅኩ እንኳ ቀናሁበት።

«ይወዱሃል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ማንገራገሩ ገና የሚጠይቀው እንዳለው ያስታውቃል። ኮፍያውን አወለቀና ዕድሜያቸውን ያርዝመው ብሎ ጀመረ። «ያ የማይቀረው ቀን ሲመጣ ቃሬዛቸውን ከፊት በኩል እንድይዝ ትፈቅድልኛለህ?»

«እሱን አልሰጥህም» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ የመኪናዬን በር በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ወደ ነጩ ተመለሰና እስካልፍ ጠበቀኝ።